ነገሩ እንዴት አደረ?

አሁን የስልክ ሽፋንና የጆሮ ማዳመጫ የሚሸጥበት ያ ጠባብ ሱቅ ድሮ ላውንደሪ ነበር። ይህን የሚያስታውስ ሰው አልቋል ማለት ይቻላል። እሷ ግን በዚያ በኩል ባለፈች ቁጥር እግሯ ሳታዘው ቀስ ይላል። ያን ጊዜ መስታወቱ ከጠዋት እስከ ማታ በእንፋሎት ተሸፍኖ ነው የሚውለው። ከውጭ የሚያልፍ ሰው ጥላዋን ብቻ ያያል፤ እሷም አላፊ አግዳሚውን የምታየው በጣቷ ጠርጋ በከፈተቻት ትንሽ ክብ ነበር። ዛሬ መስታወቱ ጥርት ብሏል። ውስጥ ያለችው ልጅ አንዳንዴ ከስልኳ ቀና ብላ፣ "ምን ልታዘዝ እናቴ?" ትላታለች።

"ምንም ልጄ፤ እያየሁ ነው።"

ሃያ ስድስት ዓመት በዚያ ቤት ቆማ ተኩሳለች። ሸሚዝ ሲተኮስ ኮሌታው ይቀድማል፤ ከዚያ ትከሻው፣ ከዚያ እጅጌው፣ ጀርባው መጨረሻ ነው። ሱፍ እርጥብ ጨርቅ ካላለበሱት በቀር ካውያ አይነካውም፤ ከነካው ያብረቀርቅና የደንበኛው ፊት ይጠቁራል። ሰፈሩ የሚያውቃት በወላጆቿ ስም ሳይሆን "ካውያ" በሚለው ነበር። ስሙን ያወጣላት ከጀርባ ባለው ክፍል እድፍ የሚያስለቅቀው ሽማግሌ ነው። "ሥራዋም ካውያ፣ ጠባይዋም ካውያ። ለመጋል ጊዜ አትወስድ፤ ከጋለች ደግሞ እጅ አታስነካ" አለ። እሷም "ጋሽ ሳሙና" ብላ ተበቀለችው። ሁለቱም ስም ላይለቅ ተጣበቀ።

ባሏን ያገኘችውም እዚያው ነው። የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነበር። የሥራ ባልደረቦቹ የሳምንቱን አምስት ሸሚዝ በአንድ ጊዜ ጠቅልለው ሲያመጡ፣ እሱ በየቀኑ አንድ አንድ ሸሚዝ ይዞ ይመጣል። ያስረክባል፣ ቁጥሩን ይቀበላል፣ ይሄዳል። ጋሽ ሳሙና ከጀርባ ሆኖ ሲታዘብ ከረመና አንድ ቀን፣ "ይሄ ልጅ ሸሚዝ ነው ያነሰው ወይስ ምላስ?" አለ ድምፁን ሳይቀንስ። ልጁ እስከ ጆሮው ቀላ። ጓደኞቹ "ጭምቱ" የሚሉት በከንቱ አልነበረም። አራት ወር ካለፈ በኋላ አንድ ቅዳሜ ሸሚዙን ከተቀበለ ወዲያ ቆመ፤ አልሄደም።

"ነገም ልምጣ?" አላት።

"ነገ እሁድ ነው። ዝግ ነን።"

"ለዚያ እኮ ነው የጠየቅሁሽ።"

በዓመቱ ተጋቡ። ቤቱ የእናቱ ነበር፤ ሁለት ክፍል። የእናቱ አልጋ በፊተኛው ክፍል በሩ አጠገብ ተዘርግቷል፤ ባልና ሚስት የውስጠኛውን ያዙ። የሚያውቋት ሁሉ አዘኑላት። "ካውያና አማት በአንድ ጣሪያ? እሳት ላይ ጭድ" አሉ። እሷም ፈርታ ነበር፤ ግን አማቷን አልነበረም የፈራችው፤ ራሷን ነው። በአባቷ ቤት ጠብ ሲነሳ መንገዱ ሁለት ብቻ ነበር፤ ወይ ጎረቤት እስኪሰማ መጮህ፣ ወይ "ሆድ ይፍጀው" ብሎ መዋጥ። አባቷ ይጮሃሉ፣ እናቷ ይውጣሉ። እሷ የአባቷን ወርሳለች።

የመጀመሪያው ጠብ የመጣው ገና በሦስተኛው ሳምንት ነው። ባሏ የሥራ ተራው መቀየሩን ለእናቱ ነግሮ ለእሷ ሳይነግራት ቀረ። ነገሩ ትንሽ ነው፤ እሷ ግን ከመጋሏ የተነሳ ድምፅዋ ከፍ ብሎ፣ "እኔ በዚህ ቤት ተከራይ ነኝ እንዴ?" ማለት ጀምራ ነበር። አማቷ ከአልጋቸው ላይ ሆነው እጃቸውን አነሱ።

"ይደር።"

"ምኑ እማማ?"

"ነገሩ ነዋ። ይደር ልጄ። ሁለታችሁም ደክሟችኋል። የደከመ ሰው እውነት ቢናገር እንኳ አያምርበትም።"

ባሏ ወዲያው "ይደር" ብሎ ተነሳ፤ ከልጅነቱ የለመደው ነውና። እሷ ግን በንዴት እየተገላበጠች አደረች። እንደ እናቷ ልውጠው ማለት ነው እንዴ፣ እያለች። ጎህ ሲቀድ ስትወጣ አማቷ ጸሎታቸውን ጨርሰው፣ ሻይ አፍልተው፣ ሦስት ብርጭቆ ደርድረው ጠበቋት።

"ደህና አደርሽ ልጄ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን። እማማ ደህና አደሩ?"

"ይመስገነው። ነገሩስ እንዴት አደረ?"

የተሳሳተ የሰማች መሰላት። "ነገር ደግሞ ያድራል እንዴ?"

"እዚሁ አብሮን አደረ እኮ። አንዳንዱ ሌሊቱን ሲከሳ ያድራል፣ አንዳንዱ ሲወፍር ያድራል። ሳያዩት አይታወቅም። ሂጂ ፊትሽን ታጠቢና ነይ፤ ያልታጠበ ፊት ይዘሽ ነገር አትቀስቅሺ።"

እንዲህ ነበር የአማቷ ሥርዓት። ማታ ላይ ነገር ከጋለ አንድ ሰው "ይደር" ይላል፤ ያን ጊዜ የሚናገር ሰው የለም። ጠዋት ፊት ይታጠባሉ፣ ሻይ ይቀዳል፣ አሮጊቷ ነገሩን ይቀሰቅሱታል። በአንድ ጠዋት አንድ ነገር ብቻ። ነገሩ የማን እንደሆነ ይጠየቃል፤ ባለቤቱ ይናገራል። ሌላው መጠየቅ ይችላል፣ መልስ መመለስ ግን ብርጭቆው ሳያልቅ አይፈቀድለትም። ያን ቀን ጠዋት ባሏ፣ "ለእማዬ የነገርኳት በሩ ላይ ስላገኘኋት ነው፤ አንቺን አይቼ ሳበቃ ረሳሁት" አለ። "አይቼሽ ረሳሁት" ማለቱ አሳቃት። ነገሩ ከስቶ ኖሯል። ሦስቱም ሳቁበትና ሸኙት።

ሁሉም እንዲህ በሳቅ አለቀ ማለት አይደለም። ወፍሮ የሚያድር ነበር። አንድ ጊዜ የወንድሟ ነገር አራት ጠዋት ፈጅቷል። ግን አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በዚያ ቤት ያደረ ነገር ሳይቀሰቀስ የቀረበት ቀን የለም። ካውያ ዛሬ ስታስበው፣ ከሕይወቷ ሁሉ የሚናፍቃት የእነዚያ ጠዋቶች ብርሃን ነው። ወገግ ሲል በበሩ ስንጥቅ የሚገባው፣ የሻዩ ጢስ ላይ የሚያርፈው፣ አማቷ ብርጭቆአቸውን በሁለት እጅ ይዘው የሚጠብቁበት ትዕግሥት። ባሏ አልጋው ጫፍ ላይ ከእናቱ ጎን ተቀምጦ ጫማውን ያስራል። ትንሿ ልጃቸው ከአያቷ ብርድ ልብስ ውስጥ ጭንቅላቷን ብቻ ታወጣለች። ያን ጊዜ ደስታ መሆኑን ማንም አልነገራት፤ ጠዋት ብቻ ይመስላት ነበር።

ከዚያ አማቷ አረፉ። ዝናብ ሊገባ ሲል፣ ሁለት ሳምንት ብቻ ታመው።

ቃሉ ግን አልሞተም። ችግሩም ይኸው ነበር። ማታ ማታ ነገር ሲጀመር ወይ እሱ ወይ እሷ "ይደር" ይላሉ፤ ቤቱ ፀጥ ይላል። ጠዋት ግን የሚጠይቅ የለም። እሱ የመጀመሪያውን መኪና ስለሚያወጣ ጎህ ሲቀድ በሩ ላይ ቆሞ ጫማውን አስሮ ይወጣል፤ እሷ ልጇን ታሰናዳለች። "ደህና አደርሽ?" "ደህና አደርክ?" ይባባላሉ፤ ስለ ነገሩ አዳር የሚያነሳ የለም። ከአሮጊቷ የወረሱት ግማሹን ቃል ብቻ መሆኑ አልታወቃቸውም። አንዱ ነገር ባንዱ ላይ ተደራርቦ አምስት ዓመት አደረ።

ጎረቤት ግን ቀናባቸው። "ትዳር እንዲህ ነው፤ ድምፃቸው እንኳ አይሰማ" እያለ። አሥራ አምስት ዓመት የሞላት ልጃቸው ብቻ አልተታለለችም። አንድ ቀን እራት ላይ፣ "እማዬ፣ አንቺና አባዬ አንድ ሆቴል ያረፋችሁ እንግዶች ነው የምትመስሉት። ‘እባክዎ ጨው ያቀብሉኝ’ ማለት ብቻ ነው የቀራችሁ" አለች። አባቷ ፈገግ ብሎ ጨውን አቀበላት። እናቷ ፈገግ ማለት አቃታት።

አንድ ሐሙስ እንደ ልማዷ የባሏን የሥራ ጃኬት ላውንደሪ ይዛ ሄደች። በሙያው ሕግ ማንኛውም ልብስ ውሃ ከመንካቱ በፊት ኪሱ ይፈተሻል። የተገኘው ሁሉ፣ ቁልፍም ይሁን ቲኬት፣ በትንሽ ፖስታ ተደርጎ ከልብሱ ቁጥር ጋር በመርፌ ቁልፍ ይያያዛል። ወረቀት ከሆነ ግን አይነበብም። ጋሽ ሳሙና በዚህ ቀልድ አያውቅም። በውስጥ ኪሱ አራት ቦታ የታጠፈ ደብዳቤ አገኘች። የመሥሪያ ቤቱ ማኅተም አለበት። ገለጠችው።

"በጠየቁት መሠረት" ይላል፤ "ወደ ሌላው ከተማ ቅርንጫፍ እንዲዛወሩ የተፈቀደ መሆኑን እየገለጽን፣ ፈቃደኛ መሆንዎን እስከ ወሩ መጨረሻ በጽሑፍ እንዲያረጋግጡ እናሳስባለን።"

ያ ከተማ የአንድ ቀን ሙሉ መንገድ ነው። ወሩ ሊያልቅ የቀረው ዘጠኝ ቀን ነው። እሷን ግን የወጋት ከተማውም ቀኑም አልነበረም። "በጠየቁት መሠረት።" ጠይቋል። ቁጭ ብሎ፣ ብዕር ይዞ፣ ከቤቱ መራቅን ጠይቋል።

ጋሽ ሳሙና ከጀርባ ክፍሉ ብቅ ሲል ወረቀቱ እጇ ላይ ነበር።

"የሰው ወረቀት አይነበብም ብዬሻለሁ።"

"የሰው አይደለም፤ የባሌ ነው።"

"ባልሽስ ሰው አይደለም?"

ወረቀቱን አጥፋ ፖስታው ውስጥ ከተተችው።

ማታ ባሏ ሲመጣ ፖስታውን ጠረጴዛው ላይ አኖረችለት። አየው። ፊቱ አልተለወጠም፤ ድካም ብቻ ወረደበት።

"ልነግርሽ ነበር" አለ።

"መቼ? ከመኪናው ላይ እጅህን እያወዛወዝክ?"

ፖስታውን አነሳና፣ "ይደር" አላት።

እሷም ከልማድ ብዛት "ይደር" አለች። ቃሉ ከአፏ ሲወጣ እንደ ዱላ ከበዳት።

አላስተኛትም። ጎህ ሲቀድ በሩ ላይ ቆሞ ጎንበስ ብሎ ጫማውን ሲያስር ደረሰችበትና የአምስት ዓመቱን በአንድ ትንፋሽ ዘረገፈችው። ስላልጠየቃት፣ ስላልነገራት፣ ስለ ልጅቷ ትምህርት ቤት፣ እጇ ስለተቃጠለበት ጊዜ፣ ስለ ዝምታው፣ ከዝምታውም በላይ ስለ ጨዋነቱ። ባለፈው ዓመት ያለውንና ከአራት ዓመት በፊት ያለውን እያጋጨች። እሱ አንዱን ጫማ አስሮ ሌላው ላይ እንደደረሰ ቆሞ ሰማት።

"ጨረስሽ?"

"አልጨረስኩም።"

"እንግዲህ ስመለስ ጨርሺው። የመጀመሪያውን መኪና የማወጣው እኔ ነኝ፤ ሰው ቆሞ ይጠብቃል።"

ወጣ። ልጃቸው ከውስጥ ሆና ሁሉን ሰምታለች፤ ስትወጣ ዓይኗን ከእናቷ ዓይን ሰብራ ደብተሯን ሰበሰበች። ካውያ የባሰ ነገር እንዳደረገች ገባት። እስከ ትናንት አንድ ዓይነት ሰላም ነበራቸው፤ አሁን ያም የለም።

ያን ቀን የአንድ ነጭ ሸሚዝ ኮሌታ አቃጠለች። እንደዚያ ያለ ነገር ከሠራች አሥር ዓመት አልፏታል። ጋሽ ሳሙና የተቃጠለውን አየ፣ እሷን አየ፣ ካውያውን ከእጇ ተቀበለና ከኤሌክትሪኩ ነቀለው።

"ነይ ወደ ጀርባ።"

በጀርባው ክፍል አንድ የጠረጴዛ ልብስ በገንዳ ውሃ ውስጥ ተነክሯል። የአንድ ሳምንት እድፍ አለበት፤ ደርቆ ቡናማ ሆኗል። እሷ በርጩማ ላይ ተቀምጣ የሆነውን ሁሉ ነገረችው። ማታ "ይደር" መባሉን፣ ጠዋት መዘርገፏን። ሽማግሌው የጠረጴዛ ልብሱን በጣቱ እየነካካ ሰማት።

"ትኩስ እድፍ ማንም ያስለቅቃል" አለ በመጨረሻ። "እኔ የተቀጠርኩት ያደረውን ለማስለቀቅ ነው። ሰው ያደረ እድፍ ሲያይ ይናደድበታል። ይፈትገዋል። በደረቁ ከፈተግሽው እድፉ ሳይለቅ ጨርቁ ይሄዳል። መጀመሪያ ይረጥባል። አርጥቢውና ዞር በይ። ሲለሰልስ ከየት መጀመር እንዳለብሽ ራሱ ይነግርሻል።"

"ጋሼ፣ እኔ የማወራህ ስለ ባሌ ነው።"

"እኔ የማወራው ስለ ጠረጴዛ ልብስ ነው። አንቺ ነሽ ያገናኘሽው።"

ከዚያ ተነስታ ሥራዋን ቀጠለች። ግን እጅጌና ጀርባ ስትተኩስ የዋለችው አማቷን እያሰበች ነው። አሮጊቷ ምን ነበር የሚያደርጉት? "ይደር" ማለታቸው ብቻ ትዝ ይላት ነበር፤ ምክንያቱም ቃሉ አጭርና ጥሩ ስለሆነ። አሁን ግን ሌላው ሌላው መጣላት። አንድ ነገር ብቻ በአንድ ጠዋት። የተናጋሪው ተራ። የብርጭቆው ትዕግሥት። ከሁሉ በላይ ጥያቄው። "ማን አጠፋ?" ብለው ጠይቀው አያውቁም። እሷ ጠዋት የዘረገፈችው በሙሉ ግን "አጠፋህ" የሚል ነበር።

በማግስቱ ባሏ ሳይነቃ ተነሳች። ፊቷን ታጠበች። በውሃው ውስጥ ዓይኗን ጨፍና፣ "ጌታዬ፣ ዛሬ አፌን አንተ ያዝልኝ፤ እኔ ሞክሬ አልሆነልኝም" አለች። ሻይ አፈላች፤ ሁለት ብርጭቆ አወጣች። ከዚያ የትናንቱ ጎንበስ ማለቱ ትዝ አላትና ከውስጠኛው ክፍል አንድ ወንበር አምጥታ በሩ አጠገብ አኖረችለት። ሌላ ሐሳብ አልነበራትም።

ባሏ ልብሱን ለብሶ ወጣ፤ ወንበሩን ሲያይ ቆመ።

"ይሄ ለምንድን ነው?"

"ቆመህ ነው የምታስረው። ወገብህን ያምሃል ብዬ ነው።"

ወንበሩን እንደ እንግዳ ነገር ብዙ ጊዜ አየው። ከዚያ ተቀመጠ። ጫማውን አላሰረም። እሷ ሻዩን ቀዳችለት።

"ደህና አደርክ?"

"ይመስገን። አንቺስ?"

"ይመስገን። ነገሩስ እንዴት አደረ?"

ቀና አለ። ይህን ጥያቄ ከእናቱ በቀር ከማንም አፍ ሰምቶት አያውቅም። ከንፈሩ ይስቅ ይሆን ያለቅስ ለማወቅ የተቸገረ ይመስል ነበር።

"የቱ ነገር?"

"ደስ ያለህን። አንድ ብቻ። ያንተ ይሁን፤ የኔ አይሁን።"

ስለ ደብዳቤው የሚናገር መስሏት ልቧን አጽንታ ጠበቀች። እሱ ግን ወንበሩ የቆመበትን ወለል እያየ፣ "አልጋው" አላት።

"የምን አልጋ?"

"የእማዬ አልጋ። ከቀብሯ በኋላ በሳምንቱ ከሥራ ስመጣ አልነበረም። ለሰው ሰጥተሽዋል። በቦታው የልጅቷ ጠረጴዛ ተቀምጦ ነበር።" ብርጭቆውን በሁለት እጁ ያዘ። "ጠዋት ጠዋት እዚያ አልጋ ጫፍ ላይ ቁጭ ብዬ ነበር ጫማዬን የማስረው። እሷ ስለ ቀኑ ትጠይቀኛለች፤ እኔ አስራለሁ። ከእናቴ ጋር የነበረኝ ጨዋታ ሁሉ የጫማ ማሰሪያ ያህል ነው። አልጋው ከሄደ ጀምሮ መቀመጥ አስጠላኝ።"

ካውያ "ባዶውን እንዳታይ ብዬ እኮ ነው" ልትል አፏን ከፈተች። ብርጭቆዋ ሙሉ ነበር። ዘጋችው። ጠጣች። በሕይወቷ እንደዚያ ረጅም ሻይ ጠጥታ አታውቅም። ሲያልቅ፣

"አላወቅሁም" አለች። "ባዶውን አልጋ ማየት የሚከብድህ መስሎኝ ነው። ያን ቀን ብትነግረኝ ሄጄ አስመልሰው ነበር።"

"ያን ቀን ማታ ‘ይደር’ አልኩሽ።"

"አዎ አልከኝ። ይደር ስትለኝ ይለፍ ማለትህ መስሎኝ።"

"እኔ ደግሞ ጠዋት ትጠይቂኛለሽ ብዬ ጠበቅሁ።"

ተያዩ። አምስት ዓመት ሙሉ ሁለቱም ጠያቂ ሲጠብቁ ኖረዋል። የሞቱት እናት ተነስተው እንዲጠይቋቸው የጠበቁ ይመስል።

እሱ ጫማውን አሰረ። ሲወጣ ብርጭቆው ባዶ ነበር።

በሁለተኛው ጠዋት ተራው የሷ ሆነ፤ እሷም አንድ ብቻ መረጠች። እንፋሎት እጇን አቃጥሏት ሁለት ሳምንት ቤት ስትውል አንድም ቀን ፋሻውን ገልጦ አላየውም። ይህንን ስትነግረው እንዳትጮህ ጥርሷን ነክሳ ነበር። እሱ ሻዩን ጨረሰና፣ "አይቼዋለሁ" አለ። "ስትተኚ። በየቀኑ። ነቅተሽ ሳለ ካየሁት የምፈራ መሆኔ ይታወቅብኛል ብዬ ነው።" እጇን ዘረጋችለት፤ ጠባሳው ላይ አውራ ጣቱን አሳረፈ። ነገሩ በዚያ አለቀ።

የልጅቷ ትምህርት ቤት ነገር ግን ወፍሮ ነው ያደረ። ሦስት ጠዋት ወስዷል፤ በሁለተኛው ድምፅ ከፍ ብሎ "ይደር" ተብሏል። ልጅቷ ብርድ ልብሷን ተከናንባ በሩ ላይ ቆመች።

"ምን ሆናችሁ ነው በጠዋት የምትጨቃጨቁት?"

"ያደረ ነገር እየቀሰቀስን ነው" አላት አባቷ።

"ታዲያ እኔንም ቀሰቀሳችሁኝ" አለችና በመካከላቸው ተቀምጣ የእናቷን ሻይ ጠጣችባት። ስለ እሷ ትምህርት ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ እሷን ራሷን ጠየቋት። ከሁለቱም የተለየ ሐሳብ ነበራት፤ ከሁለቱም የተሻለ።

ወሩ ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው ካውያ ስትፈራው የነበረውን ጥያቄ ራሷ አነሳችው። እስከዚያ በነበሩት ጠዋቶች ሁሉ ከዚህ ጥያቄ ስትሸሽ ሳይሆን ወደ እሱ ስትጓዝ እንደነበረች ያወቀችው ያን ጊዜ ነው።

"ለምን ጠየቅህ? ከኔ ለመራቅ ነው?"

ለረጅም ጊዜ አሰበ። እሱ ሲያስብ እንደ አማቷ መጠበቅን ተምራለች።

"ካንቺ አይደለም። ቤት ውስጥ ሰው እያለ ዝም ማለት ከበደኝ። ብቻውን የሚኖር ሰው ዝም ቢል ማንም አይከፋውም፤ እሱም አያፍርም። እዚያ ሄጄ ዝምታዬ ምክንያት ይኑረው ብዬ ነው።"

"አሁንስ?"

"አሁን እዚህ ማን ዝም ያሰኘኛል።"

ሳቀች። ሳቁ ከሆዷ መጥቶ እንባ ይዞ ወጣ። እሱ ግን አልሳቀም፤ ሌላም የቀረ ነበረው። "ግን ልዋሽሽ አልፈልግም። ማመልከቻውን ስጽፍ ቀሎኝ ነበር። ያን ማታ ደህና ተኝቼ ነው ያደርኩት።" ይህ ደግሞ ከሰማቻቸው ሁሉ የመረረው ነበር። ብርጭቆዋን ጨረሰችና፣ "መንገርህ ይሻላል" አለች። እውነቷን ነበር፤ ቢያምም ይሻላል።

በወሩ የመጨረሻ ቀን ጠዋት እሱ ልዛወር ያለውን የሚሽር ደብዳቤ ጽፎ፣ በሸሚዙ የደረት ኪስ ከቶ ተነሳ። መሥሪያ ቤቱ የመስመሩ መጨረሻ ላይ ነው። እሷም ነጠላ ጫማዋን አውልቃ የመንገድ ጫማዋን ስታጠልቅ አየና፣

"ወዴት ነው?"

"በመኪናህ ልሄድ።"

በአሥራ ስድስት ዓመት ትዳር በባሏ አውቶቡስ ተሳፍራ አታውቅም። ላውንደሪው በእግር የሚደረስ ነው፤ የእሱ መስመር ደግሞ ወደ ሌላ በኩል ነው። ከሹፌሩ ጀርባ ያለውን ወንበር ያዘች። ጧት ነበረና መኪናው ባዶ ነው፤ መስታወቶቹ በውርጭ ደብዝዘዋል።

በሁለተኛው ፌርማታ ዳቦ ጋጋሪዎች ተሳፈሩ። "እንዴት ነው ወገብህ?" አለው አንዱ። "ተሽሎኛል፤ ወንበር አግኝቻለሁ" አለ ጭምቱ። በአራተኛው አንዲት ነርስ ወጣች፤ ስለ እናቷ መነጽር ጠየቃት። አንድ ሽማግሌ በትራቸውን እያስቀደሙ ከሩቅ ሲመጡ ታዩ፤ ፌርማታው ላይ ሌላ ሰው አልቀረም፣ ኋላ ያለው መኪና ጥሩምባ ይነፋል። እሱ ሞተሩን አቀዝቅዞ ጠበቃቸው። "አባባ፣ ዛሬ አምስት ደቂቃ ቀደም አሉ" አላቸው ሲወጡ። "አንተ ዘግይተህ ነው እንጂ" አሉት፤ መኪናው ሁሉ ሳቀ።

ካውያ አፏን ከፍታ ቀረች። ይህ ሰው ያወራል። ከዚያም አልፎ ወሬኛ ነው። አምስት ዓመት በሌለበት ቤት ስትኖር እሱ እዚህ ነበር፤ በየፌርማታው ትንሽ ትንሽ ሲሰጥ። መጀመሪያ ቅናት ቢጤ ሽው አለባት። ቀጥሎ ግን ደስ አላት፤ ደግነቱ አልደረቀም ነበር፤ በሌላ በኩል ሲፈስ ነው የከረመው። በልቧ ፈጣሪዋን አመሰገነች፤ ምን ብላ እንዳመሰገነችው ግን ለማንም ተናግራ አታውቅም።

በመጨረሻው ፌርማታ ሁሉም ወረደ። እሷ ከወንበሯ አልተነሳችም። እሱ በመስታወቱ ውስጥ አያት።

"እመቤቴ፣ መጨረሻው ነው። ይወርዳሉ?"

"ተመላሽ ነኝ።"

የደረት ኪሱን ነካ፤ ወረደ። በቢሮው በር ሲገባ ጀርባውን አየችው፤ ሸሚዙ እሷ የተኮሰችው ነው፤ የትከሻው መስመር ቀጥ ብሎ ይታያል። ብዙ አልቆየም። ሲወጣ ኪሱ ሳስቷል። ወደ መኪናው ወጥቶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፤ ሞተሩን አስነሳ፤ ውጭ የተሰለፉትን ሰዎች አየና በሩን ከፈተላቸው።

"ምን አሉህ?" አለችው ከጀርባው።

"‘ሰው ሐሳቡን እንዲህ ይቀያይራል እንዴ’ አሉኝ።"

"አንተስ ምን አልክ?"

ሰዎቹ እየገቡ ነበር፤ ሕፃን የያዘች ሴት፣ ሁለት ተማሪዎች፣ አንድ ጣውላ የተሸከመ አናጺ። "ኋላ እነግርሻለሁ" አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ከዚያ ወዲያው ራሱን ነቀነቀና፣ "አይ፣ አሁን ልንገርሽ" አለ። መኪናውን ሳያንቀሳቅስ ወደ እሷ ዞረ፤ ከኋላ ያለው መኪና ጥሩምባም ጮኸ፣ ተሳፋሪውም ጠበቀ፤ እሱ ነገራት።